ዓመቱ የማይለወጥ ብር

ብርቅ ነገር እንዴት ብርቅ ይሆናል? ሲሠራ ጥቂት ስለተሠራ ነው ወይስ ብዙ ተሠርቶ ስለጠፋ? በውጭው ዓለም አንዳንድ የአሻንጉሊት ፋብሪካዎች የታዋቂ ታጋዮችን ምስል ሠርተው «ይህን ያህል ብቻ ነው የተመረተው» ብለው ቁጥሩን በሳጥኑ ላይ ያትማሉ። ሰብሳቢውም አሻንጉሊቱን ሳይሆን ቁጥሩን ይገዛል። እኛ አገር እንዲህ ያለ ልማድ የለም። ይሁን እንጂ በየመቀነቱ ቋጠሮ፣ በየሣጥኑ ሥር፣ በየአንገቱ ክር ላይ ተመሳሳዩን ጥያቄ የሚያስነሳ ነገር ሞልቶናል። እርሱም የጥንቱ ጠገራ ብር ነው።

ጥያቄውን ወደ እኔ ያመጣችው አክስቴ ናት። ባለፈው ዓመት ሁዳዴ ሊገባ ሲል ከገበዝ ማርያም ተነሥታ ወደ ፍኖተ ሰላም መጣች። ከመቀነቷ ጫፍ ሁለት ብር ፈትታ በመዳፌ ላይ አኖረች። አንደኛው የማርያ ትሬዛ ነው፤ 1780 የሚል ዓመት ተጽፎበታል። ሁለተኛው የዳግማዊ ምኒልክ ነው፤ የጠቆረ፣ በአናቱ ላይ በሚስማር የተበሳ። የማዳበሪያ ገንዘብ ጎድሏት ኖሮ ለአንድ ነጋዴ አሳይታው ነበር። ነጋዴውም «ይህች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የኖረች ናት፤ ጥሩ ዋጋ እሰጥሻለሁ። ቀዳዳዋን ግን መርቂልኝ» አላት። አክስቴም ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «ልጄ፣ አንተ የብር ሰው ነህ፤ እውነቱን ንገረኝ» አለችኝ።

በባንክ መስኮት ተቀምጬ በየቀኑ የምቆጥረው ወረቀት ነው። ስለ ጠገራ ብር የማውቀው ግን ከሥራዬ ሳይሆን ከንባብ ነው። ስለዚህ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ታሪኩን ማስታወስ ነበረብኝ።

ማርያ ትሬዛ የኦስትሪያ ገዢ ነበረች። የሞተችው እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1780 ነው። በሕይወት ሳለች የወጣው ብሯ በቀይ ባሕርና በምሥራቅ አገሮች ገበያ እጅግ ተወድዶ ስለነበር፣ ከሞተች በኋላ ነጋዴው መልኩ የተለወጠ ብር አልቀበልም አለ። የመቱት ሰዎችም መልኩንም ዓመቱንም ሳይለውጡ መምታቱን ቀጠሉ። ያ ብር እስከ ዛሬ «1780» ይላል። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ነው፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። በጠርዙ ዙሪያ «ዩስቲትያ ኤት ክሌሜንትያ» ተብሎ በላቲን ተጽፎበታል፤ «በፍትሕና በርኅራኄ» ማለት ነው። የጠርዙ ጽሕፈት ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ብሩን ፍቆ የሚሰርቅ ሰው ጽሕፈቱን ስለሚያበላሽ ወዲያው ይታወቅበታል።

የኛም ሰው ይህን ብር እንደ ዘመድ መረመረው። በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ዙሪያ የከበቡትን የእንቁ ነጠብጣቦች ይቆጥራል፤ ዘጠኝ ካልሞሉ፣ ወይም ከማለቅ ብዛት ከጠፉ፣ ብሩን ይመልሳል። ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ያዳምጣል። ወርቅ የሚመዘንበት ወቄት እንኳ የአንድ ማርያ ትሬዛ ክብደት ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ብሩ ለትልቁ ግዢ ነው፤ ለትንሹ ደግሞ አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር በግመልና በበቅሎ ተጭኖ እስከ ጎጃም ገበያዎች ይደርስ ነበር፤ ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቍጥርም ዋጋው ይጨምራል። እንግዲህ አባቶቻችን ብርቅነት ከመንገድ ርቀት ጭምር እንደሚወለድ ከኢኮኖሚክስ መጽሐፍ በፊት ያውቁት ነበር ማለት ነው።

ከ1741 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ የተመታው የማርያ ትሬዛ ብር ወደ 389 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። ይህ ቁጥር ያስደነግጣል። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን የተመታበት ቦታ ነው። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ፣ ለሠራዊቱ ስንቅና ለአገሬው ክፍያ ጠገራ ብር እንደሚያስፈልገው ስላወቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ በስምምነት ወሰደ። የሮማ ማተሚያም እስከ 1939 ድረስ ወደ 19 ሚሊዮን መታ። እንግሊዞችም ዝም አላሉም፤ ለንደን ከ1936 ጀምሮ እስከ 1961 ድረስ ወደ 20 ሚሊዮን አወጣ። ፓሪስና ብራስልስም መቱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1940 እና በ1941፣ ቦምቤይ ወደ 19 ሚሊዮን ጨመረበት። ሁሉም ያችኑ ሴት፣ ያንኑ 1780 ያዘ። ዛሬ ሊቃውንቱ የሮማውን ከለንደኑ የሚለዩት በንሥሩ ጅራት ላባና በጠርዙ ጌጥ ላይ ባሉ ጥቃቅን ልዩነቶች ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ለምዕራብ ጎጃም ሰዎች ሩቅ አይደለም። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድ «ሚሲዮን 101» የተባለውን ጓድ ይዞ ከሱዳን ወደ ጎጃም ሲገባ፣ ከአርበኞች ጋር የሚገናኝበት ጠገራ ብር ይዞ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበሩን ተሻገሩ። ዊንጌት የመራው ጦር በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎችን ነድቶ ወደ ቡሬ ተጠጋ፤ ከግመሎቹ አብዛኞቹ በመንገድ አለቁ። በማንኩሳና በቡሬ ምሽጎች ከተደረገው ውጊያ በኋላ ጣልያን በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቅቆ ወደ ደምበጫ ሸሸ። በእነዚያ ወራት በዚህ አገር ገበያ የሮማ ማርያ ትሬዛና የእንግሊዝ ማርያ ትሬዛ በአንድ ከረጢት ውስጥ ሳይገናኙ አልቀሩም። ሁለት ጠላቶች በአንዲት ሴት መልክ ገበያ ወጡ። ገበሬው ግን የቆጠረው እንቁዋን እንጂ መንግሥታቱን አልነበረም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ብር እንመለስ። ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸውን ገንዘብ ለማውጣት የወሰኑት በ1885 ዓ.ም. ነው። ቅርጹ በፓሪስ ተሠራ፤ በአንድ ገጽ ዘውድ የደፉት ንጉሠ ነገሥት፣ በሌላው «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል ጽሑፍ የከበበው አንበሳ ነበረበት። ክብደቱም የብሩ ጥራትም ከማርያ ትሬዛ እምብዛም አይለይም። በሰብሳቢዎች መዝገብ እንደተጻፈው፣ የ1887 ዓ.ም. ብር 20 ሺህ፣ የ1888ቱ 200 ብቻ፣ የ1889ኙ ከ400 ሺህ በላይ ነው። 200ን ከ389 ሚሊዮን ጋር አስተያዩት!

ይሁን እንጂ ያን ጊዜ ገበያው የመረጠው ብርቁን አልነበረም። የንጉሡን ብር ተቀበሉ የሚል አዋጅ ቢነገርም፣ ከከተማ ወጣ ሲባል ነጋዴው የሚጠይቀው የለመዳትን ሴት ነበር። እኔም ይህን ሳስብ አንድ ነገር ገባኝ። ገንዘብ የሚታመነው ሲበዛ ነው፤ ቅርስ የሚከበረው ሲያንስ ነው። አንድ ብር ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መሆን አይችልም። የምኒልክ ብር በዘመኑ ጥቂት መሆኑ ደካማ ገንዘብ አደረገው፤ ዛሬ ያው ጥቂትነቱ ክብሩ ሆነ። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረት ለሰው ብቻ ሳይሆን ለዘመንም ይሠራል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክም ይህንኑ ይደግማል። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ማርያ ትሬዛ ከሕጋዊ ገንዘብነት ተሻረች። አዲሱ ሃምሳ ሳንቲም ብር ነበር፤ ሃያ አምስት ሳንቲሙ ግን መዳብ፣ ክብ፣ መጠኑም ከሃምሳው ጋር የሚመሳሰል ነበር። ብልጦች መዳቡን ብር እየቀቡ በሃምሳ ይመነዝሩት ጀመር። መንግሥትም ክቧን ሰብስቦ ጠርዟን እንደ አበባ አስጠረባት። ዛሬ ያች ክብ ሃያ አምስት ሳንቲም ከአበባዪቱ ይልቅ የምትፈለገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ብርቅ ያደረጋት አንጥረኛ ሳይሆን አጭበርባሪ ነው። ደግሞም በእነዚያ ሳንቲሞች ላይ ያለው 1936 ዓ.ም. ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ ይታተም ነበር። እኛም እንደ ኦስትሪያ ዓመቱን አቁመን ኖረናል ማለት ነው። ሳንቲም ላይ የተጻፈ ዓመት የልደት ምስክር ወረቀት አይደለም።

መስከረም 2013 ዓ.ም.ን አስታውሳለሁ። የአሥር፣ የሃምሳና የመቶ ብር ኖቶች ሲለወጡና ባለ ሁለት መቶው ሲወጣ፣ ገበሬው በጆንያ፣ በቅል፣ በማሰሮ ያኖረውን ይዞ ይሰለፍ ነበር። ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ቆጠርሁ። የጤፍ ሽታ ያለበት፣ የጭስ ሽታ ያለበት፣ አይጥ የቆረጠው ወረቀት በእጄ አለፈ። ያን ጊዜ አንዱንም ለማስቀረት አላሰብሁም፤ ማን ይፈልገዋል? ዛሬ አንዳንድ ልጅ «የድሮውን መቶ ብር አይተኸዋል?» ብሎ ይጠይቀኛል። በሚሊዮን ሲቆጠር የነበረው እንዲህ በጥቂት ዓመት ውስጥ ወሬ ሆነ።

ስለዚህ ብርቅነት ሁለት አባት አለው። አንዱ መምቻው ነው፤ ስንት እንደሚወጣ እርሱ ይወስናል። ሁለተኛው ሕይወት ነው፤ ስንት እንደሚተርፍ የሚወስነው እርሱ ነው። ከማርያ ትሬዛም ከምኒልክም ብር ስንቱ በአንጥረኛ ወናፍ ቀልጦ መስቀል፣ አልቦና ድሪ ሆነ! የሴቶቻችን ጌጥ የቀለጠ ገንዘብ ነው። የመምቻው መዝገብ የተወለዱትን ይቆጥራል እንጂ የሞቱትን አይቆጥርም።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ በአጭሩ ነገርኋት። 1780 ያለው ብር የ1780 ላይሆን እንደሚችል፣ ምናልባትም እናቷ ልጅ ሳለች በሮም ወይም በቦምቤይ የተመታ እንደሚሆን፣ ዋጋውም ከብርነቱ ብዙ እንደማያልፍ አስረዳኋት። ጠቆር ባለው ብር ላይ ያለውን የግዕዝ ቁጥርም አነበብሁላት፤ ፲፰፻፹፱። ከሁለት መቶዎቹ አንዱ አይደለም። ቢሆንም ከጓደኛው ይልቅ በሰብሳቢ ዘንድ የሚፈለገው እርሱ ነው፤ ነጋዴው ምርቃት የጠየቀውም ይህን ስለሚያውቅ ሳይሆን አይቀርም። «ቀዳዳው ግን ዋጋውን ይቀንሰዋል፤ ባይበሳ ኖሮ ይሻል ነበር» አልኋት።

አክስቴ ፈገግ አለች። «እናቴ የበሳችው እኮ እንዳይሸጥ ብላ ነው» አለች። «በክፉ ቀን እጅሽ ወደ እርሱ ቢሄድ ቀዳዳውን ዓይተሽ ትመለሻለሽ ብላኝ ነበር።»

መልስ አልነበረኝም። እኔ ጉድለት ብዬ የቆጠርሁት ቀዳዳ ያንን ብር ከገበያ አውጥቶ፣ ከወናፍ አድኖ፣ ለሦስት ትውልድ ያደረሰ መሆኑን አላሰብሁም ነበር። ሰብሳቢው «ተበላሽቷል» የሚለው ነገር ብሩ እስከ ዛሬ የተረፈበት ምክንያት ነው። እንደ ባንክ ሠራተኛ ብመክራት ኖሮ የምኒልኩን ሽጪ፣ ማርያ ትሬዛን አቆዪ እላት ነበር፤ የተሻለ ገንዘብ የሚገኘው ከዚያ ነውና። እርሷ ግን ሌላ ሒሳብ ያዘች። ማርያ ትሬዛን አስመዝና በሚገባው ዋጋ ሸጠችና የጎደለውን የማዳበሪያ ገንዘብ ሞላች። የተበሳውን ወደ ቋጠሮዋ መለሰች። ለፋሲካ ገበዝ ማርያም ስወርድ በአንዲት የልጅ ልጇ አንገት ላይ በጥቁር ክር ታስሮ አየሁት፤ በአመድ ታሽቶ ያበራ ነበር።

ገበዝ ማለት የቤተ ክርስቲያንን ንዋየ ቅድሳት የሚጠብቅ ሰው ነው። የአገራችን ቤተ መዘክር በሩቅ ከተማ ነው ያለው፤ በገጠሩ ግን እንዲህ ያሉ ደመወዝ የሌላቸው ገበዞች አሉ። የሚጠብቁት ስንት እንደተመታ አያውቁም፤ ከማን እጅ እንደተቀበሉት ግን ያውቃሉ። በዚያ ቀን ማታ የሚከተሉትን አራት መስመሮች ጻፍሁ፤ ለአክስቴ እናት ይሁኑልኝ።

ገበያ ሞልተሽው ስምሽን ማን ጠራ፤
እህቶችሽ ቀልጠው ሲያልቁ በየተራ፣
የበሳሽ ሚስማር ነው ለዛሬ ያቆየሽ፣
በመጉደልሽም ነው ዓይኔ ሙሉ ያየሽ።