ከ67 በፊት የማን ነበር?

አያቴ ምንም አትጥልም፤ የምን አለሽ ተራ ሰው ናት። ባለፈው ከብስኩት ቆርቆሮዋ ውስጥ ሁለት የኪራይ ወረቀቶች አገኘሁ። አንዱ የ1966፦ በእጅ የተጻፈ፣ 12 ብር፣ ከሥሩ የማይነበብ ፊርማ። ሌላው የ1969፦ የቀበሌ ማኅተም ያለበት፣ 6 ብር።

በመሃል ያለፈው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ነው። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ። ዝቅተኛ ኪራዮች ተቀነሱ፤ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶች ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉትን የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ያዛቸው።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። እኛ ጋ አንድ መስመር ሲቀየር ማን እንደቀየረው፣ ድሮ ምን እንደነበረ ይመዘገባል። ቢሮ ሄጄ የቤታችንን ታሪክ ስጠይቅ ግን ያገኘሁት የቤት ቁጥርና የአያቴን ስም ብቻ ነው።

ፊርማውን ለእሷ አሳየኋት። ውጭ ቆርቆሮ እየተቀጠቀጠ ስለሆነ እየጮህን ነው የምናወራው።

«የእትዬ ነው» አለች። ጣራው ባፈሰሰ ቁጥር ራሳቸው ሠራተኛ ይዘው የሚመጡ፣ ባላቸው ሞቶባቸው በሦስት ቤት ኪራይ ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ነበሩ። እኔ ደግሞ «ትርፍ ቤት» ሲባል የሚታየኝ የመኳንንት ግቢ ነበር።

«እማዬ፣ ሲወረስ ምን ተሰማሽ?»

«ደስ አለኝ! ግማሽ ሆነልኝ እኮ። ከዚያ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ቡና አፍልተው አጠጡኝ፤ ስለ ቤቱ ሁለታችንም አላነሳንም።»

ስማቸውን ጠየቅኳት። እትዬ ከማለት በቀር ጠርታቸው አታውቅም።