«ፍቀድ» የምትለው ቃል

በደርግ ዘመን ከወልድያ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ከቀበሌው የይለፍ ወረቀት ማውጣት ነበረበት። አሠራሩ የሚያስመርር ቢሆንም፣ ጠያቂና ተጠያቂ ኬላው ላይ ፊት ለፊት ይተያዩ ነበር። ዛሬ መርሳ ላይ ስልኩን የሚከፍት የሀብሩ ወጣት ያለበትን ቦታ፣ ካሜራውንና ማይክሮፎኑን ለማያውቀው ድረ ገጽ የሚያስረክበው «ፍቀድ» የምትለውን ቃል ሳያነብ በመጫን ነው። ይለፍ ሰጪው ራሱ ሆኗል፤ ለማን እንደሰጠ ግን አያውቅም።

ይህ የማስታወቂያ ነጋዴዎች ጉዳይ ብቻ የሚመስላቸው ወዳጆች አሉኝ። የቅርብ ታሪካችን ግን ሌላ ይመሰክራል። ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ በአሜሪካ፣ በብሪታንያና በሌሎች አገሮች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ተንኮል ያዘሉ ኢሜይሎች ይላኩላቸው ነበር። አንዳንዶቹ የሚወስዱት «ኢስትአፍሮ» የተባለውን የኤርትራውያን የቪዲዮ ገጽ አስመስሎ ወደተሠራ ገጽ ነው፤ ቪዲዮውን ለማየት መጀመሪያ «አዶቤ ፍላሽን አድሱ» ይላል። ያደሰ የመሰለው ሰው የጫነው ግን ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሠራውን የስለላ ፕሮግራም ነበር። ነገሩን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ያጋለጠው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ነው። ሰላዮቹ የገዛ መዝገባቸውን ለማንም ክፍት በሆነ ሰርቨር ላይ ትተውት ስለነበር (የሰው ገመና ሲፈትሹ የራሳቸውን በር ረስተው!) ተመራማሪዎቹ በ20 አገሮች ከ40 በላይ መሣሪያዎች መጠቃታቸውን፣ ኦፕሬተሮቹም ከኢትዮጵያ ይገናኙ እንደነበር ከዚያው አነበቡ።

ሕግስ? «በፊንስፓይ ተሰልያለሁ» ያለ አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ የኢትዮጵያን መንግሥት በአሜሪካ ቢከስም፣ የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በዚያው በ2017 ክሱ ውድቅ መደረጉን አጸናበት። እኛም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን ያገኘነው ገና በ2016 ዓ.ም. ነው።

ልዩነቱ በደንብ ሊጤን ይገባል። ብራውዘር ቢያንስ ይጠይቃል፤ ከኢንተርኔት ወርዶ የተጫነ የስለላ ፕሮግራም ግን ፈቃድ ሳይጠይቅ ድምፅ ይቀዳል፣ የሚጻፈውንም ይለቅማል። አዶቤ ፍላሽን እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ስላቋረጠው፣ ዛሬ «ፍላሽን አድሱ» የሚል ሁሉ አጭበርባሪ ነው። ለድረ ገጽ የተሰጠን ፈቃድ ደግሞ ከአድራሻው ጎን ያለውን ምልክት ነክቶ መመልከትና መንሳት ይቻላል። በርካታ ተማሪዎች የሚተማመኑበት «ስውር መስኮት» የጎበኙትን ዝርዝር የሚደብቀው በኋላ ያንኑ ስልክ ከሚከፍተው ወንድማቸው ነው፤ ከቴሌውና ከድረ ገጹ አይደብቅም።