የደወሉ ገመድ በማን እጅ ነው?

በአገራችን ገጠር ሕዝብን የሚሰበስቡ ሁለት ድምፆች ነበሩ። አንደኛው ነጋሪት ነው፤ ሁለተኛው ደወል። ነጋሪት የመንግሥት ነበር። ሲጎሰም አዋጅ ይነገራል፣ ክተት ይታወጃል፣ ሹም ይሾማል፣ ሹም ይሻራል። ደወል ግን የአጥቢያው ነበር። ለኪዳንና ለቅዳሴ ይደወላል፤ ሰው ሲሞት ይደወላል፤ እሳት ሲነሳ፣ ሽፍታ ሲመጣ፣ ምሕላ ሲያዝ ይደወላል። በጣና ገዳማት እስከ ዛሬ እንደሚታየው ነሐስ ባይገኝ እንኳ የሚጮኽ ድንጋይ በገመድ ተንጠልጥሎ ያንኑ ሥራ ይሠራል። በግእዝ «ደወል» ሲባል ወሰን፣ አውራጃ ማለትም ነው። የሁለቱን ቃላት ዝምድና ለሊቃውንቱ እንተወውና፣ ለገጠሬው ግን ነገሩ ግልጽ ነበር፤ የደወሉ ድምፅ እስከሚሰማበት ድረስ ያለው ሰው ወገኑ ነው።

ስደት ከዚያ ድምፅ ከለየን ብዙ ዓመታት ተቆጠሩ። ከዕለታት አንድ ቀን ግን በአንድ የእንግሊዝ ገጠር መንደር ስናልፍ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ የወረደው ድምፅ እግራችንን ገታው። አንድ ደወል አልነበረም፤ ስድስት ነበሩ። ዜማም አልነበረም። ስድስቱ ድምፆች ልክ እንደ ውሃ ሳይቋረጡ ይፈስሱ ነበር፤ ሆኖም በእያንዳንዱ ዙር ተራቸው ይለዋወጥ ነበር። ጠይቀን ወደ ደወል ቤቱ ወጣን። ስድስት ሰዎች ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ እያንዳንዳቸው አንድ ገመድ ይዘዋል፤ በፊታቸው ምንም የተጻፈ ነገር የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ሥርዓት ታሪክ ስናነብ፣ ስንጠይቅ ቆየን። ለአንባቢያን የምናቀርበው የዚያን ፍሬ ነው። (የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ አሠራሩን እንግለጽ። በብዙ አገሮች ደወል የሚደወለው ምላሱ እየተጎተተ ወይም ደወሉ በጥቂቱ እየተወዛወዘ ነው። እንግሊዞች ግን ደወሉን ከሙሉ መንኰራኩር ጋር አሰሩት። ደወሉ አፉ ወደ ሰማይ ሆኖ ይቆማል፤ ገመዱ ሲሳብ ሙሉ ክብ ዞሮ፣ አንድ ጊዜ ጮኾ፣ እንደገና አፉን ወደ ላይ አድርጎ ይቆማል። ብዙ መቶ ኪሎ የሚመዝን ነሐስ በዚህ ዓይነት ሲዞር በፈለጉት ቅጽበት ማቆምም ሆነ ማስሮጥ አይቻልም። ደዋዩ ማድረግ የሚችለው ደወሉ ከላይ በሚቆምበት ሚዛን ላይ በጥቂቱ ማዘግየት ወይም በጥቂቱ ማፍጠን ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ደወል ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ሲያልፍ ሊለዋወጥ የሚችለው ከጎረቤቱ ጋር ብቻ ነው። ከመጨረሻ ዘልሎ መጀመሪያ መሆን አይችልም።

ከዚህ የብረት ሕግ አንድ ሥርዓት ተወለደ። ደወሎቹ ከቀጭኑ ድምፅ እስከ ወፍራሙ በተራ ይጀምራሉ፤ ከዚያ በየዙሩ ጎረቤት ከጎረቤት ቦታ እየተለዋወጠ ይሄዳሉ፤ አንድ ጊዜ የተደወለ ተራ ዳግመኛ አይደወልም፤ መጨረሻ ላይ ወደ መጀመሪያው ተራ ይመለሳሉ። በስድስት ደወል 720 ተራዎች አሉ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃሉ። በሰባት ደወል 5,040 ይሆናሉ፤ ሦስት ሰዓት ገደማ። በስምንት ደወል 40,320 ናቸው። ይህን የመጨረሻውን በ1963 ሎፍበሮ በተባለ ከተማ ስምንት ሰዎች ያለ ዕረፍትና ያለ ተተኪ ደውለው የጨረሱት 18 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነበር። ሁሉም በቃል ነው። ከመካከላቸው አንዱ መሪ ሆኖ አልፎ አልፎ በአንዲት ቃል ለውጥ ያዝዛል፤ እርሱም ቢሆን የራሱን ገመድ ይዞ ይደውላል እንጂ ቆሞ አያዝዝም።

ይህ ሥርዓት የተስፋፋው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1668 ስለ ጥበቡ የመጀመሪያው መጽሐፍ ታተመ፤ በ1677 ደግሞ ፋቢያን ስቴድማን የተባለ አታሚ የራሱን አሳተመ። በሒሳብ ሊቃውንት ዘንድ የቅደም ተከተል ቀመር በሰፊው ሳይጠና የደወል ቤት ሰዎች በገመድ ይሠሩት ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም። የተሐድሶው ዘመን ብዙውን የቤተ ክርስቲያን የደወል ሥርዓት ስለቀነሰው ደወሉ ከካህናቱ እጅ ይልቅ በመንደሬው እጅ ገባ። አንጥረኛው፣ አናጢው፣ አራሹ የየአጥቢያው ቡድን አባል ሆኑ። በየደወል ቤቱ ግድግዳ ደንብ ጻፉ፤ ባርኔጣ ሳያወልቅ የሚደውል፣ ሹል የጋላቢ ብረት በጫማው አስሮ የሚገባ፣ የሚሳደብ ሁሉ ይቀጣ ነበር። ሰው ሲሞት በደወሉ ምት ለወንድ ሦስት ጊዜ ሦስት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ ሁለት ይመቱና የሟቹን ዕድሜ ያስከትሉ ነበር። በእርሻው ላይ ያለ ሰው ምቱን ቆጥሮ ማን እንደሞተ ያውቃል። በዚያ ዘመን የመንደሩ ጋዜጣ ይህ ነበር።

ከነዚያ የመንደር ደዋዮች አንዱን ዓለም ያውቀዋል። በቤድፎርድ አቅራቢያ ኤልስቶው በምትባል መንደር የኖረው ብረታ ብረት ጠጋኙ ጆን ቡንያን ነው፤ የክርስቲያንን መንፈሳዊ ጉዞ የሚተርከው መጽሐፉ ወደ አማርኛም ተመልሷል። ቡንያን በወጣትነቱ ደወል መደወል ይወድ ነበር። ኋላ ግን ሕሊናው ከንቱ ነገር ነው ብሎ ስለወቀሰው ተወው። ነገር ግን እግሩ አልታዘዝ ብሎት እየሄደ ይመለከት ነበር። ደወሉ ቢወድቅብኝስ ብሎ ከወፍራሙ ወራጅ ሥር ይቆማል፤ ያም አላረጋጋው ሲል ወደ በሩ ይሸሻል፤ በመጨረሻም ግንቡ ራሱ ቢናድብኝስ ብሎ ይሮጣል። ይህን የጻፈው በ1666 በእስር ቤት ሆኖ ነው። ያለ ፈቃድ ሰበክህ ተብሎ ከ1660 ጀምሮ 12 ዓመት ታስሯል። እንግዲህ ከመንደሩ ገመድ የተለየው ሰው በኋላ ያለ ገመድ የሚጮኽ ደወል ሆነ ማለት ነው።

ገዢዎች ደወልን ለምን ይፈሩታል? መልሱ ቀላል ነው፤ ሕዝብን ያለ ነጋሪት ስለሚሰበስብ። በ1549 በዴቨንና በኮርንዎል ገጠሬው አዲሱን የጸሎት መጽሐፍ ተቃውሞ ሲነሳ፣ ዓመፁ ከተደመሰሰ በኋላ መንግሥት በአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ደወል በቀር ሌሎቹ እንዲወርዱ አዘዘ። ሕዝቡ የተጠራራው በደወል ነበርና። በፈረንሳይም አብዮተኞቹ በ1793 ለየአጥቢያው አንድ ደወል ብቻ ትተው የቀረውን ለመድፍ ማቅለጫ ወሰዱት። ነጻነት የሚሰብክ መንግሥትም ቢሆን የሌላ ሰው ድምፅ ሲበዛበት እንደማይወድ ከዚህ እንማራለን።

በሩሲያ የሆነው ደግሞ ለእኛ ለስደተኞች እጅግ ቅርብ ነው። የኖቭጎሮድ ሕዝብ ለሸንጎ የሚጠራራበት ደወል ነበረው፤ ሦስተኛው ኢቫን ከተማዋን ሲያስገብር በ1478 ደወሉን አውርዶ ወደ ሞስኮ ወሰደው። ደወሉ ሲሄድ ሸንጎውም አብሮ ሄደ። በ1591 ደግሞ በኡግሊች ከተማ ልዑል ድሚትሪ ሕፃን ሳለ በሞተ ጊዜ ደወል ተደውሎ ሕዝቡ ተነሳ። ቅጣቱ በሰው ላይ ብቻ አላበቃም። እንደሚተረከው ደወሉ ተገረፈ፤ ምላሱ ተቆረጠ፤ ጆሮው ተሰበረ፤ ከከተማው ሰዎችም ጋር ወደ ሳይቤሪያ፣ ወደ ቶቦልስክ ተጋዘ። ወደ አገሩ የተመለሰው በ1892 ነው። በስታሊን ዘመንም የሞስኮው የዳኒሎቭ ገዳም 18 ደወሎች ለማቅለጫ ሊወሰዱ ሲሉ አንድ አሜሪካዊ ባለጸጋ ገዝቷቸው በ1930 ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተሻገሩ። እስከ 2008 ድረስ በስደት ደወሉ፤ ከዚያ ወደ ገዳማቸው ተመለሱ። ምላስ መቆረጥ ምን ማለት እንደሆነ በጋዜጠኝነት ላገለገለ ኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያሻም።

ነገር ግን የደወልን ቡድን የሚያጠፋው የገዢ መቀስ ብቻ አይደለም። በ1821 በግሎስተርሸር ግዛት የቢተን መንደር ካህን ሄንሪ ኤላኮም አንድ መሣሪያ ፈለሰፈ። የደወሎቹን መምቻዎች ገመድ ሁሉ በአንድ ሳንቃ ላይ ሰብስቦ አንድ ሰው ብቻውን ደወሎቹን ሁሉ እንዲመታ አስቻለ። ምክንያት ነበረው፤ የዘመኑ ደዋዮች ደወል ቤቱን መጠጥ ቤት አድርገውት፣ ለካህንም ለምእመንም አልታዘዝ ብለው ነበር። መሣሪያው ጸጥታ አመጣ፤ ርካሽም ነበር። ሆኖም ደወሎቹ ሳይዞሩ ቆመው ስለሚመቱ የቀድሞው ድምፅ ሊገኝ አልቻለም። ብዙዎቹ አጥቢያዎች ቆይተው መሣሪያውን ትተው ወደ ሰዎቹ ተመለሱ። መፍትሔው ሰዎቹን በአንድ ሰው መተካት አልነበረም፤ ሰዎቹን ማረም ነበር። የደዋዮች ማኅበራት በየአውራጃው ተቋቋሙ፤ በ1891 ማኅበራቱን የሚያስተባብር አገር አቀፍ ምክር ቤት ተመሠረተ።

ሥርዓቱን ከነጉድለቱ ማየት ይገባናል። ደዋዮቹ ለነገሥታት ልደትና ለድል በዓል በገንዘብም በጠላም ይደውሉ ነበር፤ ገመዱን የያዘ ሁሉ ነጻ ሰው አልነበረም። ሴቶችም ለብዙ ዘመን ከደወል ቤት ተከልክለው ነበር፤ ሙሉውን የሦስት ሰዓት ደወል አንዲት ሴት የደወለችው በ1896 ነው፤ የሴቶች ማኅበር የተቋቋመው በ1912 ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት 1,400 ያህል ደዋዮች ሲሞቱ ብዙ ገመዶች ባለቤት አጡ። ጦርነቱ ያበቃበት መቶኛ ዓመት በ2018 ሲከበር በሙታኑ ቁጥር ልክ አዳዲስ ደዋዮች እንዲሠለጥኑ ጥሪ ቀርቦ ጥሪው ከታሰበው በላይ ተሳካ። ባዶ ገመድ በሐውልት አይተካም፤ በሰው እንጂ።

በሁለተኛው ጦርነት ደግሞ ከሰኔ 1940 ጀምሮ ደወል ሁሉ ተከለከለ። ጠላት ከሰማይ ቢወርድ ብቻ እንዲደወል ታዘዘ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላ ሲቃረብ፣ ኅዳር 15 ቀን 1942 እሑድ፣ ለኤል አላሜይን ድል በአገሪቱ ሁሉ ተደወለ፤ በ1943 እገዳው ተነሳ። ይህን እገዳ ከሌሎቹ የሚለየው አንድ ነገር አለ። ገመዱ ለጊዜው ታሰረ እንጂ ደወሉ አልተሰበረም፤ ጊዜው ሲያልፍም ለባለቤቱ ተመለሰ። ዛሬ በእንግሊዝ በዚህ ዓይነት የሚደወሉ ደወሎች ያሏቸው ግንቦች ከ5,000 በላይ ናቸው።

ወደዚያች መንደር እንመለስ። ልምምዱ ሲያበቃ አንድ አዛውንት ገመዱን ለአፍታ አስያዙን። በኃይል ጎተትነው፤ አልታዘዘንም። አዛውንቱ እንዳንታገለው፣ ይልቁንም የሌሎቹን ድምፅ እንድናዳምጥ መከሩን። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው የራሱን ደወል ብቻ በመስማት ነው አሉ። በዚያች ማታ ስንመለስ ስለ ራሳችን ሰፈር ማሰብ ግድ ሆነብን። እኛ በስደት ያለነው ስንት ማኅበር አቋቁመን ስንቱን አፈረስን? ሁላችንም ትልቁ ደወል መሆን ፈለግን፤ ሁላችንም ከመጨረሻ ዘልለን መጀመሪያ ልንሆን ሞከርን፤ ሌላው የደወለውን ግን አልሰማንም። ሲደክመን ደግሞ የኤላኮምን መሣሪያ ተመኘን፤ አንድ ጀግና ተነሥቶ ገመዱን ሁሉ ብቻውን እንዲይዝልን። በአገር ቤትም ታሪካችን በአብዛኛው ከአንድ ሰው ሳንቃ ወደ ሌላ ሰው ሳንቃ የተደረገ ሽግግር ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። የመንደሩ ደዋዮች የሚያደርጉት ከዚህ አይለይም። ከባዱ ደወል ከባድ በመሆኑ አይከበርም፤ ቀጭኑም ቀጭን በመሆኑ አይናቅም። ተራው የደረሰ ይመራል፤ መርቶም ለጎረቤቱ ይለቃል። ከመሪነት ስለወረደም ገመዱን ጥሎ አይወጣም፤ ቢወጣ የሁሉም ድምፅ ይፈርሳልና።

ነጋሪት የያዙ ብዙ አይተናል። ደወሉ ግን የአጥቢያው ነው፤ ምላሱ ቢቆረጥም፣ ሦስት መቶ ዓመት ቢጋዝም ባለቤቱን አይረሳም። ለኛ የቀረው ጥያቄ የተመለሰ ዕለት ገመዱን አብረን መያዝ እንችላለን ወይ የሚለው ነው። ልምምዱን ከአሁኑ እንጀምር።

ቸር ያሰማን።