ድምፁን ዝቅ ያደረገው ስልክ

ስለ ተንቀሳቃሽ ስልክ ታሪክ በተወራ ቁጥር የማርቲን ኩፐር ስም ይነሣል። ይህ የሞቶሮላ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. አፕሪል 3 ቀን 1973 ከኒውዮርክ ጎዳና ላይ ሆኖ፣ ጡብ በሚያህል ስልክ ለተፎካካሪው ለቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ ደወለ። ወሬው ደስ ይላል። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን ከዚያ በፊት ለዓመታት ሰውን ሲያስጨንቅ የኖረው የወረፋ ጉዳይ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1946 በሴንት ሉዊስ ከተማ ነው። የቤል ኩባንያ በዚያ ዓመት በመኪና ላይ የሚገጠም ስልክ ለሕዝብ አቀረበ። መሣሪያው 36 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ለመናገር ቁልፉን መጫን፣ ለመስማት መልቀቅ ያስፈልጋል። ይህስ ይቻላል። ለአገልግሎቱ ከተመደቡት 6 የሬዲዮ መስመሮች ጎን ለጎን ያሉት እየተጠላለፉ ስላስቸገሩ፣ በከተማው የሚሠራባቸው 3 ብቻ ሆኑ። ሦስት ሰዎች እያወሩ አራተኛው ስልኩን ቢያነሣ፣ መጠበቅ ነው እንግዲህ!

ምክንያቱ ምን ነበር? ከከፍታ ቦታ የሚሠራ አንድ ኃይለኛ ማሰራጫ ከተማውን በሙሉ እንዲሸፍን ታስቦ ነበር፤ ሸፈነም። ዳሩ ግን አንድ መስመር በአንድ ሰው ከተያዘ፣ ሞገዱ በሚደርስበት አካባቢ ሁሉ ለሌላው አይሆንም። በአንድ ሰፈር ሁለት ሠርግ ተደግሶ ሁለቱም ድንኳኖች ድምፅ ማጉያቸውን እስከ መጨረሻው ቢከፍቱ የማን ዘፈን ይሰማል?

በኒውዮርክማ ነገሩ አፍጦ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1976 በ12 መስመሮች የሚገለገሉት ደንበኞች 545 ሲሆኑ፣ ወረፋ የሚጠብቁት 3,700 ነበሩ። ሚሊዮኖች በሚኖሩባት ከተማ!

የሚያስቆጨው፣ መፍትሔው ቀድሞ ተጽፎ መቀመጡ ነው። የቤል ላቦራቶሪው ዳግላስ ሪንግ በዲሴምበር 1947 ባዘጋጀው ማስታወሻ፣ አገሩን እንደ ማር እንጀራ በትናንሽ ክልሎች መከፋፈል እንደሚቻል አሳየ። እያንዳንዱ ክልል አቅሙ ያነሰ የራሱ ማሰራጫ ይኖረዋል። ጎረቤታሞች የተለያየ ሞገድ ይይዛሉ፤ ራቅ ያለው ክልል ግን ያንኑ ሞገድ መልሶ ይጠቀምበታል። ደንበኛ ሲበዛ ክልሉን እንደገና መክፈል ነው፤ አዲስ ሞገድ ሳይጨመር ብዙ ሰው ያወራል። ጉልበት መቀነስ አቅም ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ዘገየ? መኪናው ከክልል ወደ ክልል ሲያልፍ ጥሪው ሳይቋረጥ የሚያሸጋግር መሣሪያ በ1947 አልነበረም፤ ኮምፒውተር መጠበቅ ነበረበት። ግማሹን ጥፋት እኔ የምጥለው ግን በአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ላይ ነው። ሰፊውን ሞገድ ለቴሌቪዥን አድልቶ ቆይቶ፣ ለዚህ ስልክ 40 ሜጋኸርዝ የመደበው በ1974 ነው። ቶኪዮ በ1979 አገልግሎቱን ጀምራ ሐሳቡን የወለደችውን አገር ቀደመቻት።

ቺካጎ በ1978 ሙከራ አደረገች። አገልግሎቱ ለገበያ የቀረበው ግን ኦክቶበር 13 ቀን 1983 ነው፤ የሪንግ ማስታወሻ 36 ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ያህል ሲቀረው።