ካሲኪያሬ፤ ኦሪኖኮንና አማዞንን የሚያገናኘው ውኃ

የኦሪኖኮ ወንዝ ከደቡባዊ ቬኔዝዌላ ተራሮች ተነሥቶ፣ ከምዕራብ ጓቪያሬን፣ ሜታንና አፑሬን፣ ከደቡብ ደግሞ ካውራንና ካሮኒን እየተቀበለ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይፈስሳል። ወንዝ በገባሮቹ ማደጉ የተለመደ ነው፤ ኦሪኖኮ ግን ገና በላይኛው ሸለቆው ሳለ የራሱን ውኃ ከፍሎ ይሰጣል። ካሲኪያሬ የተባለው ቅርንጫፍ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከሪዮ ኔግሮ ይቀላቀላል፤ ሪዮ ኔግሮም የአማዞን ገባር ነው። ስለሆነም ከአንድ ምንጭ የወጣ ውኃ በሁለት ታላላቅ ወንዞች በኩል ባሕር ይደርሳል።

ይህ ሁኔታ የአውሮፓን ሊቃውንት ለረጅም ዘመን አከራክሯል። ሁለት ታላላቅ ተፋሰሶችን ከፍተኛ መሬት ሊለያቸው ይገባል የሚለው እምነት የጸና ነበር። በኦሪኖኮ ያገለገለው ኢየሱሳዊው ሚሲዮናዊ ሆሴ ጉሚያ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1741 ባሳተመው መጽሐፍ ግንኙነቱን ካደ። በ1744 ግን የማኅበሩ ባልደረባ ማኑኤል ሮማን ከሪዮ ኔግሮ የመጡ ፖርቱጋላውያን ባሪያ ነጋዴዎችን በኦሪኖኮ ላይ አገኘ፤ አብሯቸውም በካሲኪያሬ በኩል ተጉዞ ሪዮ ኔግሮን አይቶ ተመለሰ። ላ ኮንዳሚን ወሬውን በ1745 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አሰማ። ይህም ሆኖ በ1798 የወጣው የፈረንሳዊው የቧሽ ካርታ ግንኙነቱን ከከባድ የጂኦግራፊ ስሕተት ቈጠረው።

ክርክሩን የዘጋው ልኬት ነው። በ1800 አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልትና ኤሜ ቦንፕላን ከሪዮ ኔግሮ ተነሥተው ካሲኪያሬን በታንኳ ሽቅብ ተጉዘው ኦሪኖኮ ደረሱ፤ ሁምቦልትም ሰማይን እየለካ የቦታዎቹን አቀማመጥ ወሰነ። ምክንያቱም ግልጽ ሆነ፤ መሬቱ እጅግ ሜዳ ከመሆኑ የተነሣ ሁለቱን ተፋሰሶች የሚለይ ጒብታ በዚያ የለም። ካሲኪያሬ ራሱም ሲያፓንና ሌሎች ገባሮችን ስለሚሰበስብ፣ ሪዮ ኔግሮ ሲደርስ ከመነሻው ይልቅ ብዙ ውኃ ይዞ ነው።

በፓሪስ የሚያከራክረው ይህ ውኃ ለዳርቻው ሕዝቦች የዘወትር መንገዳቸው ነበር፤ በኋላም ወገኖቻቸው በምርኮ የተጋዙበት ሆነ። ሊቃውንቱ የለም ያሉትን መንገድ ባሪያ ነጋዴው አስቀድሞ ያውቀው ነበር፤ ከእርሱም በፊት የአገሩ ቀዛፊ። የካሲኪያሬ ታሪክ ሲጻፍ የሁምቦልት መሣሪያ የሚገባውን ክብር ያገኛል፤ ታንኳውን የቀዘፉት ሰዎች ስም ግን በካርታው ላይ አልሰፈረም።