የኑህ ልጆች ሰባት ሕግጋትና የኢብኑ መይሙን ፈትዋ



አይሁዶች የተውራትን 613 ትእዛዛት የመጠበቅ ግዴታ ያለብን እኛ ብቻ ነን ይላሉ። ለቀረው የሰው ዘር ግን ተልሙድ ሰባት ሕግጋትን ይቆጥራል፤ ሁሉም የነቢዩላህ ኑህ (ዐ.ሰ.) ዘር ነውና "የኑህ ልጆች ሕግጋት" ይሏቸዋል። ጣዖት አለማምለክ፣ ፈጣሪን አለመስደብ፣ ነፍስ አለማጥፋት፣ ዚናን መራቅ፣ አለመስረቅ፣ ከእንስሳ በሕይወቱ ሳለ የተቆረጠ ሥጋ አለመብላት፣ ዳኞችን መሾም።

የእንስሳው ሕግ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የመዲና ሰዎች የግመል ሻኛና የበግ ላት ከነነፍሱ ይቆርጡ ነበር፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያ ሥጋ በክት መሆኑን እንደተናገሩ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል።

ታዲያ በጣዖቱ ሕግ ሙስሊሙ የት ይመደባል? ጥያቄው ሙሳ ኢብኑ መይሙን ዘንድ ደረሰ። ይህ የቁርጡባ ተወላጅ ሙወሒዶች ከተማዋን በ1148 እ.ኤ.አ. ሲይዙ ከቤተሰቡ ጋር ለስደት ተዳርጓል። አይሁዶችን እምነታቸውን እንዲተዉ ያስገደዱት ሙስሊም ገዢዎች ነበሩ፤ ይህን መሸፋፈን አይገባንም። ኋላ በግብፅ የሰላሁዲን ቤተ መንግሥት ሐኪም ሆነ።

ዑበድያ የሚባል ወደ አይሁድነት የገባ ሰው "ሙስሊሞች ጣዖት አምላኪ አይደሉም" ብሎ ቢከራከር መምህሩ ቂል ብሎ ሰደበው። ኢብኑ መይሙን ለተማሪው ፈረደ። ሙስሊሞች ፈጣሪን በትክክል አንድ ያደርጋሉ፤ እነሱ ስለ እኛ ስለሚዋሹ ብቻ እኛ ስለ እነሱ አንዋሽም አለ። መምህሩም፣ ምንም መምህር ቢሆን፣ ተማሪውን ይቅርታ እንዲጠይቅ ጻፈ።