የቴክኒክ መጽሐፍና የተጠቃሚዎች ጉባኤ፦ የኮምፒዩተር ዕውቀት ወደ ደቡብ ምዕራብ የቡና ምድር ያደረገው ጉዞ

መግቢያ

አንድ አዲስ መሣሪያ ወደ አንድ አገር በሚገባበት ጊዜ ዕቃው በመኪና ተጭኖ ወይም በአውሮፕላን ተልኮ ይደርሳል። የመሣሪያው ዕውቀት የሚመጣው ግን በተለይ በሁለት መንገዶች ነው። አንደኛው መጽሐፍ ነው፤ ሁለተኛው ተጠቃሚዎች ተገናኝተው ያወቁትን የሚገላለጡበት፣ የቸገራቸውን የሚጠያየቁበት ጉባኤ ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ መሣሪያው ከሣጥኑ ቢወጣም ከጥቅም ላይ ሳይውል ይቀራል። የሚዛን ተፈሪ፣ የቴፒና የአካባቢው የቡና ምድር ታሪክ ይህንን እውነት ደኅና አድርጎ ያስረዳል። በዚህ ጽሑፍ የኮምፒዩተር ዕውቀት ከውጭው ዓለም ተነሥቶ፣ በአዲስ አበባ አልፎ፣ እስከ ደቡብ ምዕራብ ድረስ የተጓዘበት መንገድ በቅደም ተከተል ይመረመራል። በመጨረሻም ታሪኩ ለሥርዓተ ትምህርት የሚሰጠው ትምህርት ይመዘናል።

የተጠቃሚዎች ማኅበር አመጣጥ

የኮምፒዩተር ተጠቃሚዎች ማኅበር አሳብ ከግል ኮምፒዩተር መፈጠር በፊት የነበረ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ አካባቢ አይ.ቢ.ኤም. 704 የተባለውን መሣሪያ የሚጠቀሙ መሥሪያ ቤቶች ባለሙያዎች «ሼር» የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ለአንድ ዓይነት ሥራ የየራሱን ፕሮግራም ለብቻው ሲጽፍ ከፍተኛ ጊዜና ገንዘብ ይባክን ነበርና አንዱ የጻፈውን ሌላው እንዲጠቀምበት ተስማሙ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት ወር 1975 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ በካሊፎርኒያ በሜንሎ ፓርክ ከተማ በአንድ መኖሪያ ቤት ጋራዥ ውስጥ «ሆምብሩ የኮምፒዩተር ክበብ» የመጀመሪያ ስብሰባውን አደረገ። በስብሰባው የተገኙት አባሎች አልቴር 8800 የተባለውን አዲስ መሣሪያ ለመመልከት የመጡ ነበሩ። ስቲቭ ዎዝኒያክ የአፕልን የመጀመሪያ መሣሪያ ንድፍ ለአባሎች ያካፈለው በዚሁ ክበብ ውስጥ ነበር።

ከነዚህ ሁለት ምሳሌዎች አንድ ቁም ነገር ይገኛል። መጽሐፍ ዕውቀትን ያጸናል፤ ጉባኤ ግን ዕውቀትን ያድሳል። ለአንድ መሣሪያ የተጻፈ መምሪያ መሣሪያው ሲለወጥ ያረጃል። የተጠቃሚዎች ስብሰባ ግን በየጊዜው የሚነሣውን ጥያቄ ስለሚከታተል መጽሐፉ ያላወቀውን ችግር ያውቃል።

የቡናው ምድር ቀዳሚ ልምድ

ይህ አሠራር ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ፍጹም እንግዳ አልነበረም። ኮምፒዩተር ከመድረሱ ብዙ ዓመታት በፊት የአካባቢው ሕዝብ የቴክኒክ ዕውቀትን በጽሑፍና በስብሰባ አጣምሮ የመቀበል ልምድ ነበረው። በ1971 እ.ኤ.አ. ፍሬውን የሚያጠቃው የቡና በሽታ፣ ባለሙያዎች ሲ.ቢ.ዲ. የሚሉት፣ በኢትዮጵያ መኖሩ ሲታወቅ የጅማ (የመልኮ) የእርሻ ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጦ አወጣ። 741፣ 74110 እና 74112 የመሳሰሉት ዝርያዎች በቁጥር የተሰየሙ ሲሆን የቁጥሩ መጀመሪያ የተመረጡበትን ዓመት ያመለክታል። ይሁን እንጂ ገበሬው እነዚህን ዝርያዎች የተቀበለው ቁጥራቸውን በወረቀት ላይ አንብቦ ብቻ አይደለም። በሠርቶ ማሳያ ማሳ ዙሪያ ተሰብስቦ የታመመውን ዛፍና ያልታመመውን ጎን ለጎን አይቶ፣ ጠይቆና ተከራክሮ ነው። «የገበሬ በዓል» የተባለው የመስክ ጉብኝት በይዘቱ የተጠቃሚዎች ጉባኤ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ልምድ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ተጀምሮ ቀስ በቀስ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የማንበብና የመጻፍ ሽልማት አግኝቷል። ከ15ቱ ቋንቋዎች አንዱ ከፋ-ሞጫ ነበር፤ መጻሕፍቱም ሁሉ የታተሙት በግዕዝ ፊደል ነበር። የቤንች፣ የሸኮና የመዠንግር ቋንቋዎች ግን ከ15ቱ መካከል አልነበሩም። ስለዚህ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ከሚኖረው ሕዝብ ከፊሉ በራሱ ቋንቋ የተጻፈ የመማሪያ መጽሐፍ ሲያገኝ ከፊሉ ሳያገኝ ቀርቷል። ይህ ልዩነት ከዚያ በኋላ በመጣው የኮምፒዩተር ዘመንም ተመልሶ የሚታይ ነው።

የፊደል ጥያቄ

ኮምፒዩተር በኢትዮጵያ ቋንቋ ሊጻፍበት ካልቻለ ለትምህርት የሚሰጠው ጥቅም በጣም ውሱን ይሆናል። የመጀመሪያው እንቅፋትም ይኸው ነበር። የአማርኛ መደበኛ ፊደላት 33 ሲሆኑ እያንዳንዳቸው በሰባት ቅርጽ ስለሚጻፉ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላ ፊደላት፣ ቁጥሮችና የሥርዓተ ነጥብ ምልክቶች ሲጨመሩ ብዛታቸው ከዚህም ያልፋል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ለመሥራት በተነሡ ጊዜ የገጠማቸው ችግር ይኸው የብዛት ችግር ነበር። በኮምፒዩተር ዘመንም ችግሩ መልኩን ለውጦ መጣ። የዚያን ጊዜው አሠራር በአንድ የፊደል ሠሌዳ ላይ ከ256 የማይበልጥ ቦታ ብቻ ስለሚሰጥ፣ ከዚያም ላይ አንዳንዱ ቦታ ለትእዛዝ ስለሚያዝ፣ ፊደላቱን ከሁለት ከፍሎ ማስቀመጥ ወይም ቀንጥቦ መቀጠል አስፈላጊ ሆነ።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩት ኢንጂነር ፍሥሐ አጥላው ዳሸን ኢንጂነሪንግ በተባለው ድርጅታቸው አማካይነት በግዕዝ ፊደል የሚጽፍ ፕሮግራም ካዘጋጁት ቀዳሚዎች አንዱ ናቸው። ከዚያም ወዲህ በአገር ውስጥና በውጭ ብዙ ፕሮግራሞች ተሠሩ። ሆኖም እያንዳንዱ አዘጋጅ ፊደላቱን በየራሱ ቅደም ተከተል በማስቀመጡ በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ ይታይ ነበር። በአንድ ትምህርት ቤት የተዘጋጀ የፈተና ወረቀት ወደ ሌላው ሲላክ እንዲነበብ ከተፈለገ ሁለቱም ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት ፕሮግራም ሊኖራቸው ይገባ ነበር።

ይህንን ችግር ለመፍታት በብርቱ የጣሩት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» የተባለውን ሥርዓት አዘጋጅተው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የአማርኛና የትግርኛ ጽሑፍን በላቲን ፊደላት ተክተው በኤሌክትሮኒክ መልእክት እንዲላላኩ አስቻሉ። በመጨረሻም በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም 345 የኢትዮጵያ ምልክቶችን አካተተ። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ፊደል በዓለም ሁሉ የታወቀ አንድ ቋሚ ቁጥር ተሰጠው። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ይዞ ሲመጣ ደግሞ በአማርኛ ለመጻፍ የግድ ሌላ ፕሮግራም መግዛት ቀረ።

የቃላት ጥያቄም ከፊደሉ ጥያቄ ጎን ለጎን ሲሄድ ቆይቷል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የጀመረው ሥራ ፍሬ የሆነው «የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት» በ1989 ዓ.ም. ታትሟል። ከቀረቡት ስያሜዎች ከፊሉ በመምህራን አፍ ገባ፤ ከፊሉ አልገባም። ሕዝቡ ኮምፒዩተርን ኮምፒዩተር ብሎ ቀጠለ። ይህ መዝገበ ቃላቱን የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ቃል በመጽሐፍ ይወለዳል እንጂ የሚያድገው በንግግር ነውና ተጠቃሚዎች ተሰብስበው ያልተነጋገሩበት ቃል በወረቀት ላይ መቅረቱ የማይቀር ነው።

የአዲስ አበባ ማዕከላት

የኮምፒዩተር ሙያ በመጀመሪያ የተሰበሰበው በርእሰ ከተማው ነበር። በኢኮኖሚ ኮሚሽን ለአፍሪካ ሥር የነበረው «ፓዲስ» የተባለ የመረጃ ድርጅት ኢንተርኔት ከመግባቱ በፊት የኤሌክትሮኒክ መልእክት አገልግሎት ይሰጥ ነበር። በ1990 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ለአፍሪካ የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽም ባለሙያዎች «ኢንተርኔትን ወደ ኢትዮጵያ ማምጣት» በሚል ስም ተሰባስበው አሳቡን ለመንግሥትና ለሕዝብ አስረዱ። አገልግሎቱ በ1997 እ.ኤ.አ. በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ተጀመረ።

በዚህ ጊዜ አንድ የሚዛን ተፈሪ መምህር ስለ ኮምፒዩተር ለማወቅ የሚችለው ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ወይም ከዚያ የተመለሰ ሰው ሲያገኝ ነበር። መጽሐፉም፣ ጉባኤውም፣ የሚጠየቀው ባለሙያም በርእሰ ከተማው ነበሩ።

ዕውቀቱ ወደ ሚዛንና ወደ ቴፒ

ለደቡብ ምዕራብ የሁኔታው መለወጫ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርስቲ ነው። ዩኒቨርስቲው በሁለቱም ከተሞች ግቢዎች ሲኖሩት የኮምፒዩተር ነክ ሙያዎች ትምህርት በቴፒ ግቢ ይሰጣል። በዚሁ ዘመን በሳተላይት ወረዳዎችን ከማዕከል ጋር የሚያገናኘው ወረዳ ኔትና ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የታሰበው ስኩል ኔት ተዘርግተዋል።

ኮምፒዩተር ከቡናው ጋር በቀጥታ የተገናኘው ግን በሌላ በኩል ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2001 ዓ.ም. ቡናን ማገበያየት ጀመረ። ቤንች ማጂ፣ ቴፒና በበቃ የሚሉት ስሞች በመዝገቡ ላይ የቡና መለያ ሆነው ገቡ። መጀመሪያ ግብይቱ በአዳራሽ ውስጥ በድምፅና መዳፍ ለመዳፍ በመማታት ይፈጸም ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ግን ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ተዛወረ። ስለዚህ በቴፒ ጫካ የተለቀመው ቡና ዋጋው በኮምፒዩተር የሚወሰን ዕቃ ሆነ። ይህንን ሥርዓት አንብቦ የሚረዳ አቅራቢና የማይረዳ አቅራቢ በእኩልነት ሊደራደሩ እንደማይችሉ ማንም ይገነዘበዋል። የቴክኒክ መጽሐፍ ጉዳይ የመምህራን ጉዳይ ብቻ መሆኑ ያበቃው በዚህ ነው።

ከዚህ ላይ የቋንቋው ጥያቄ እንደገና ይነሣል። የሁለተኛ ደረጃ የኮምፒዩተር መማሪያ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ነው። በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ተማሪው በቤቱ የሚናገረው ግን ቤንችኛ፣ ካፊኖኖ፣ ሸኪኖኖ ወይም ሌላ ነው። በዚህ ረገድ ሁለት ክንውኖች ሊታወሱ ይገባል። በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው የዩኒኮድ እትም ከተጨመሩት የግዕዝ ፊደላት መካከል ከሚዛን በስተ ደቡብ በሚኖሩት በሜኒት ሕዝብ ቋንቋ የሚነገሩትን ልዩ ድምፆች የሚወክሉ ይገኙባቸዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቀድሞ አዲስ ኪዳን በግዕዝ ፊደል ታትሞበት የነበረው የቤንች ቋንቋ በላቲን ፊደል ላይ የተመሠረተ አጻጻፍ ተቀበለ። በአንድ አካባቢ ሁለት የፊደል መንገዶች ጎን ለጎን መሄዳቸው ችግር ነው ብሎ መፍረድ አይገባም፤ ነገር ግን የመማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው ሁለቱንም ማወቅ ግዴታው ነው።

የአካባቢው የአየር ጠባይም የራሱ ድርሻ አለው። ዝናቡ በአብዛኛው የዓመቱ ወራት የማያቋርጥበት፣ አየሩ ርጥበት የበዛበት ምድር በመሆኑ ወረቀት ይሻግታል፤ የመሣሪያ ውስጠኛ ክፍልም ይዝጋል። በደጋ የተጻፈ የአያያዝ መምሪያ ይህንን አያስብም። ይህንን የሚያውቀውና ለጓደኛው የሚነግረው እዚያው የሚሠራው ሰው ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ታሪክ ለሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት የሚጠቅሙ ሦስት ነጥቦች ይገኛሉ።

(ሀ) የቴክኒክ መጽሐፍ ለአንባቢው ቦታና ቋንቋ መዘጋጀት አለበት። የዋጋ ሠንጠረዥ አነባበብን የሚያስተምር ምዕራፍ ምሳሌውን ከቡና ቢወስድ ለቴፒ ተማሪ ከማናቸውም የባዕድ ምሳሌ ይበልጥ ይቀርበዋል።

(ለ) አዲስ መጽሐፍ ለትምህርት ቤቶች በሚታደልበት ጊዜ ማደሉ ብቻ በቂ ሆኖ መቆጠር የለበትም። የቡና ዝርያዎች በገበሬ በዓል እንደ ተስፋፉ ሁሉ መጽሐፉም መምህራን ተሰብስበው በሚሠሩበትና በሚጠያየቁበት መደበኛ ጉባኤ ሊደገፍ ይገባዋል። ለዚህ ቀድሞ በየአውራጃው የነበሩት የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላት አሠራር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ ዩኒቨርስቲውና የመምህራን ኮሌጆችም አዳራሻቸውን ሊከፍቱ ይችላሉ።

(ሐ) ጉባኤው የሚደርስበት ነገር ወደ መጽሐፉ መመለስ አለበት። መምህራን በስብሰባ ያገኙት መፍትሔ በሚቀጥለው እትም ካልገባ በየዓመቱ ያው ችግር ከመነሻው ይጀመራል።

የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር ላይ የተጻፈው ባለቤቶቹ በየአገሩ ተሰብስበው፣ ተከራክረውና ተስማምተው ስለ ሠሩት ነው። ይኸው ታሪክ በቡናው ምድር ሊደገም የማይችልበት ምክንያት የለም። መሣሪያው ሚዛንና ቴፒ ደርሷል፤ ተማሪው በሚገባው ቋንቋ የተጻፈው መጽሐፍና መምህሩ የሚጠይቅበት ጉባኤ ግን ገና መከተል ይቀራቸዋል።